አንድ ቀን እመለሳለሁ ያለው አያት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይክራፎኑ ብቻ ነን። ስለ አንድ የእንግሊዞች ሳይንስ ፊክሽን ላወራችሁ ነው። ግማሾቻችሁ "አሁን ደግሞ ምን አመጣ" እንዳላችሁ ይገባኛል። ትንሽ ታገሡኝ። መንኮራኩርም ሮቦትም አለበት፤ እኔን ሰንጎ የያዘኝ ግን የአንድ አያትና የልጅ ልጁ ነገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ድራማው "ዶክተር ሁ" ይባላል። በቢቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፣ ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። ዋናው ሰውዬ ስሙ አይታወቅም፤ ዶክተሩ ብቻ ነው የሚባለው። ከሌላ ዓለም የመጣ፣ በጊዜ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሽማግሌ ነው። መጓጓዣውን ከውጭ ስታዩት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ነው። ውስጡ ስትገቡ አዳራሽ ያህላል። እሱ ደግሞ ሲሞት አይሞትም፤ ሌላ መልክና ሌላ ጠባይ ይዞ ይነሳል። ይቺ መላ የመጣችው በ1966 ነው። የመጀመሪያው ተዋናይ ዊሊያም ሃርትኔል ጤናው እየታወከ ሲሄድ፣ ሰውየውን ከመግደል መልኩን እንቀይረው አሉ። ድራማው እስከ ዛሬ የቆየው በእሷ ብልጠት ነው።

በ1989 ከቴሌቪዥን ወረደ። በ1996 አንድ ፊልም ተሠራ፣ ፖል ማክጋን የሚባል ተዋናይ ዶክተሩን ሆኖ፤ እሱም ሳይቀጥል ቀረ። አዲስ ተከታታይ የመጣው በ2005 ነው። በዚህ መሃል ቢግ ፊኒሽ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ፈቃድ አገኘና ከ1999 ጀምሮ ታሪኩን በድምፅ መሥራት ያዘ። በሲዲ። የድሮዎቹን ተዋናዮች አንድ በአንድ እየጠራ ማይክራፎን ፊት አቆማቸው። ማክጋን ራሱ በ2001 ተቀላቀለ። በቴሌቪዥን የነበረው አንድ ፊልም ብቻ ነው። በድምፅ ግን ዓመታት ሙሉ ዶክተር ሆኖ ኖረ።

የድምፅ ድራማ ስል ትረካ እንዳይመስላችሁ። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ በሬዲዮ እየሰማን ያደግን ሰዎች መጀመሪያ የሚመጣብን ትረካ ነው፤ አንድ ሰው መጽሐፉን ይዞ ሁሉንም ሰው ይሆናል። ይሄኛው መድረክ የሌለው ቴአትር ነው። ለየገጸ ባሕርዩ የየራሱ ተዋናይ አለው። በሩ ሲንቋቋ ትሰማላችሁ፣ ጫማ ጠጠር ሲረግጥ ትሰማላችሁ። "እሷም በሩን ከፍታ ገባች" የሚላችሁ ግን የለም። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ እያለሁ ነው የለመድኩት። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮ ነፃ ነው።

እሺ፣ ሱዛን።

ሱዛን የዶክተሩ የልጅ ልጅ ናት። በ1963 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው በእሷ ነው። ለንደን ውስጥ የምትማር የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ ነገረ ሥራዋ ግራ የገባቸው ሁለት አስተማሪዎች ቤቷ ድረስ ይከተሏታል። የተጫወተቻት ካሮል አን ፎርድ ናት፣ ያኔ 23 ዓመቷ። ልዩ ፍጡር ትሆኚያለሽ ተብላ ነበር የገባችው። የደረሳት ግን መጮህ ሆነ። ትጮኻለች፣ ትወድቃለች፣ ትያዛለች፣ ያድኗታል። ገጸ ባሕርይዋ አላድግ ብትላት ተሰላቸችና ዓመት ከምናምን ላይ ወጣች። ይህንን ራሷ በቃለ መጠይቅ ተናግራዋለች።

አወጣጧን ስሙኝ። ዲሴምበር 26 ቀን 1964 ነው፣ የፈረንጆቹ ገና ማግስት። ታሪኩ ወደፊት የሚመጣ ዘመን ላይ ነው። ዳሌክ የሚባሉ ጨካኝ ፍጡሮች ምድርን ወረው ቆይተው ገና መባረራቸው ነው። ለንደን ፍርስራሽ ሆናለች። ሱዛን ዴቪድ ከሚባል አርበኛ ጋር ተዋዳለች፤ ግን አያቷን ጥላ መቅረት አይሆንላትም። ሽማግሌው ይህንን ያውቃል። ጫማዋ ከሥር ተበስቷል። "አምጪው እጠግንልሻለሁ" ብሎ ይወስድባታል። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ይገባና በሩን ከውስጥ ይቆልፍባታል። በድምፅ ማጉያ ነው የሚሰናበታት። የራስሽን ኑሮ ኑሪ፣ እኔ አንድ ቀን እመለሳለሁ ይላታል። ሳጥኑ ይጠፋል። እሷ ፍርስራሹ መሃል በአንድ ጫማ ቆማለች። የሳጥኑ ቁልፍ እጇ ላይ ነው። ቁልፉን መሬት ላይ ትጥለውና ከዴቪድ ጋር ትሄዳለች።

ጫማዋን እንኳ ሳይመልስላት እኮ ነው የሄደው! ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። እንግሊዞቹ ንግግሩን እንደ ትልቅ ቅርስ ያዩታል፣ እውነትም ሃርትኔል ሲናገረው አንጀት ይበላል። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሰውየው ልጅቷን ሳይጠይቃት ነው የወሰነላት። በፍቅር ነው፣ እሺ። ቢሆንም በሩን ቆልፎባት ነው።

ታዲያ ተመለሰ? አልተመለሰም። ድራማው ቀጠለ፣ ሌላ ወጣት ሴት ገባች፣ ሌላም ወጣች። መልኩን ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ። ሱዛን ተረሳች።

በ1983 ድራማው 20 ዓመት ሲሞላው ልዩ ክፍል ተሠራ። የሚከፈተው በዚያች የ1964 ስንብት ነው፤ ያቺኑ ቅንጭብ አምጥተው አሳዩን። ሃርትኔል በ1975 ስላረፈ የመጀመሪያውን ዶክተር ሪቻርድ ሃርንዳል የሚባል ሌላ ተዋናይ ነው የተጫወተው። እና ሱዛን መጣች! ካሮል አን ፎርድ ራሷ። መስታወት በመስታወት በሆነ ኮሪደር ውስጥ ከአያቷ ጋር ይገናኛሉ። ከዚያስ? ከዚያ ዳሌክ መጣና ሮጡ። ቆየት ብሎ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። (ሳቅ) እውነቴን ነው! ከ19 ዓመት በኋላ ጠርተዋት ቁርጭምጭሚቷን አዞሩባት። "የት ነበርክ?" የሚል ቃል የለም። "ዴቪድ ደህና ነው?" የለም። ፊቷን አየን፣ አጨበጨብን፣ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ላስገባ። አክስቴ ጂዳ ትሠራ ነበር። ደብዳቤ አትጽፍም፤ ካሴት ላይ ቀድታ ሰው ሲመጣ ትልካለች። ማታ ቴፑ ዙሪያ ተሰብስበን እንሰማታለን። ከጀርባዋ የቬንትሌተር ድምፅ አለ። ወሬዋ መሃል ላይ ድንገት "ቀጭ" ይልና ይቋረጣል። እመቤቲቱ ጠርታት ነው። ከዚያ እንደገና "ቀጭ"፣ "እና ምን እያልኳችሁ ነበር..." ብላ ትቀጥላለች። መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ። ስትመጣ እኔ ያወቅኳት በድምፅዋ ነው፣ ፊቷ አይታወሰኝም ነበር። ያን ቀን ምሽት እልልታው፣ ዶሮው፣ ሻንጣ መክፈቱ፣ ሁሉም ደስ የሚል ነበር። ማንም ምንም አልጠየቃትም። "ለምንድነው እንዲህ የቆየሽው?" የሚለው ጥያቄ የወጣው ከወራት በኋላ ነው፣ በስኳር ጉዳይ። አዎ፣ ስኳር ማን ጨረሰው በሚል ጭቅጭቅ መሃል እናቴ አፈነዳችው። ሁለቱ እህትማማቾች በደንብ የተዋወቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

የ1983ቱ ክፍል ያቺን የመጀመሪያዋን ምሽት ነው የሰጠን። ሻንጣ ተከፈተ፣ እልል ተባለ። የተመለሰ ሰው ታሪክ ግን የሚጀምረው ያ ጥያቄ ሲወጣ ነው። ይሄን ያገኘሁት ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከድምፅ ድራማው ነው።

በ2009 መጨረሻ ቢግ ፊኒሽ "አን ኧርዝሊ ቻይልድ" የሚል አንድ ታሪክ አወጣ። ደራሲው ማርክ ፕላት ነው። የሚያስቀው፣ ይሄንን መጀመሪያ የሰጡት ለቋሚ ደንበኞች እንደ ምርቃት ነበር። ከ1964 ጀምሮ የተንጠለጠለ ነገር በምርቃት ተፈታ! ዶክተሩ ፖል ማክጋን ነው፣ ሱዛን ካሮል አን ፎርድ ናት። ዕድሜያቸውን ላስላላችሁ። ያኔ እሷ 69 ዓመቷ ነው። እሱ 50 ነው። የልጅ ልጅ 69፣ አያት 50።

ቴሌቪዥን ላይ ይሄን ብታዩት ግራ ይገባችኋል። ሜካፕ ያስፈልጋል፣ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ድምፅ ላይ ግን ታሪኩ ራሱ ሆነ። አንዲት የበሰለች፣ ብዙ ያየች ሴት ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ አንድ ወጣት ቢጤ፣ ችኩል፣ ሳቂታ ድምፅ ይመጣል። እና ያቺ ሴት ያንን ሰውዬ "አያቴ" ትለዋለች። እሱ መልኩን እየቀየረ ሲዞር እሷ እዚያው ምድር ላይ ቁጭ ብላ ኖራለች። የኖረችው ዘመን ድምፅዋ ላይ አለ። የተዋናይቷ እውነተኛ ዕድሜ ነው ሥራውን የሠራው። እዚህ ላይ ነው የሬዲዮ ሰዎች ለምን በድምፅ እንደሚምሉ የገባኝ።

ታሪኩም ባዶ አይደለም። ምድር ከዳሌኮች ወረራ ወዲህ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ አስጠልቷታል። ተፈጥሯዊ ነው፤ የተወረረ ሰው ባዕድ ቢጠላ ምን ይገርማል? ሱዛን ተነስታ ከሌሎች ዓለማት እርዳታ እንጠይቅ ትላለች። አሌክስ የሚባል ልጅ አላት። አሌክስ ደግሞ ባዕዶችን ከሚቃወሙት ጋር ነው የተሰለፈው። እናቱ ራሷ ከሌላ ዓለም እንደመጣች አያውቅም። አልነገረችውም። አያትየው በሩን ቆልፎባት ምን እንዳተረፈ አያችሁ? በሰው አገር ማንነቷን ደብቃ የምትኖር እናትና ደሙን የማያውቅ ልጅ። ስንብቱ ውብ ነበር፤ ሂሳቡ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው።

አሌክስን የተጫወተው ጄክ ማክጋን ነው፣ የፖል ማክጋን የገዛ ልጁ። ሲገናኙ ትንሽ የተለየ ነገር ይሰማኛል። ምናልባት ስለማውቅ ይሆናል።

በ2010 ሌላ ወጣ፣ ገናን አብረው ለማሳለፍ ዶክተሩ ሁለቱንም ሳጥኑ ውስጥ ይጋብዛቸዋል። ቀለል ያለ ነው። አለፍ እላለሁ።

የ2011ዱ ግን ከባድ ነው። "ቱ ዘ ዴዝ" ይባላል። መጨረሻውን መስማት የማትፈልጉ ሁለት ደቂቃ ዝለሉኝ። ዳሌኮቹ ተመለሱ። ምድር ዳግመኛ ተወረረች። አሌክስ ሞተ። ሉሲ ሚለር የምትባል የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ፣ በሼሪዳን ስሚዝ ድምፅ ለዓመታት የወደድናት፣ አፏ የማይቆረጥ የእንግሊዝ ሰሜን ልጅ፣ እሷም ሞተች። ሱዛን ተረፈች፣ ልጇን ቀብራ። ያ "ትዝ አለኝ፣ ናፈቀኝ" ብለን የገባንበት ነገር ዋጋ አስከፈለን። አንዳንድ አድማጭ በዝቷል ይላል። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ሰውን ከ45 ዓመት በኋላ ከጠራችሁት ሊያጣው የሚችል ነገር ስጡት። አለበለዚያ ለፎቶ ነው የጠራችሁት።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። በ2013፣ 50ኛ ዓመቱ ላይ፣ ቢቢሲ ሰባት ደቂቃ የማይሞላ አጭር ክፍል ለቀቀ፣ በድንገት። ማክጋን ነው! ከ1996 ወዲህ ዶክተሩን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል። ሊሞት ሲል የጓደኞቹን ስም ይጠራል፤ ቻርሊ፣ ክሪዝ፣ ሉሲ፣ ታምሲን፣ ሞሊ። እነዚህ ሁሉ በድምፅ ብቻ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ታይተው አያውቁም። ለዓመታት ብቻቸውን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ለኖሩ ሰዎች ያ ቅጽበት ምን እንደነበር ገምቱት። የአሌክስ ስም ግን የለም። የልጅ ልጁን ልጅ ዘሎታል። ይሄ ሰውዬ ቤተሰብ ላይ እንዲህ ነው።

ሱዛን በ2020 የራሷ ተከታታይ ወጣላት። "ሱዛንስ ዋር" ይባላል፣ አራት ታሪክ ነው። የራሷ ወገኖች የጊዜ ጦርነት ውስጥ ናቸውና ይጠሯታል። ትሄዳለች። ወደ ሰማንያ የተጠጋች ተዋናይ የሳይንስ ፊክሽን ድራማ ዋና ጀግና ሆና ስሟ ሽፋን ላይ ሰፈረ። በ1964 መጮህ ሰልችቷት የወጣችው ሴት ማለት ናት።

እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘችው እሷ ብቻ አይደለችም። ጄጎና ላይትፉት የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። በ1977 በወጣ አንድ ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ውስጥ ብቻ የታዩ፤ አንዱ አፈ ጮሌ የቴአትር ቤት ባለቤት፣ አንዱ ሬሳ መርማሪ ፕሮፌሰር። ክሪስቶፈር ቤንጃሚንና ትሬቨር ባክስተር። ሁለቱን በድምፅ አመጧቸውና ከ2010 ጀምሮ 13 ሲዝን ሠሩ፣ ባክስተር በ2017 እስኪያርፍ ድረስ። በነገራችን ላይ ያ የ1977 ታሪክ ነውር አለበት። ዋናውን ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ተቀብቶ ነው የተጫወተው፤ ቻይናዎቹን የሚያሳይበት መንገድም ዛሬ ያሳፍራል። ብዙ ሰው "የድሮ ጊዜ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም። የድምፅ ተከታታዩን የምወደው ሁለቱን ሽማግሌዎች ከዚያ ታሪክ አውጥቶ ሌላ ኑሮ ስለሰጣቸው ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሳካም። አንዳንዱ ሲዲ ገና ከሽፋኑ ያስታውቃል። የድሮ ጠላት ሽፋኑ ላይ ተስሏል፣ ስሙም ርዕሱ ላይ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ግን "ማን መሰላችሁ?" ብሎ በትልቅ ሙዚቃ ይገለጥላችኋል። አየነው እኮ ወንድሜ፣ ገዝተነዋል! ከዚያ አንድ የድሮ ሰው ይመጣል፣ የታወቀች አባባሉን ይላል፣ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰሃን እያጠብኩ እሰማዋለሁ፣ ሰሃኑ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ።

ስለ ሞቱት ተዋናዮችም ልበል። ቢግ ፊኒሽ አሁን አሁን በሌላ ድምፅ እየተካቸው ነው። ኤሊዛቤት ስላደን በ2011 አረፈች፤ ሳራ ጄን የምትባለውን ገጸ ባሕርይዋን፣ የዶክተሩን የጉዞ ጓደኛ፣ ከ2021 ጀምሮ ልጇ ሴዲ ሚለር ትጫወታለች። የሁለተኛውን ዶክተር፣ የፓትሪክ ትራውተንን ቦታም ልጁ ማይክል ይዞታል። ልጅ የእናቱን፣ የአባቱን ድምፅ ሲወርስ መስማት... አላውቅም፣ ልቤ ሁለት ነው። ሴዲ በደንብ ትሠራዋለች። ግን ካሮል አን ፎርድ ላይ ያልኩት ነገር፣ የኖሩት ዘመን ድምፅ ላይ መኖሩ፣ እዚህ የለም። ድምፁ ይመሳሰላል፣ ዓመቶቹ ግን የሉበትም።

እና ሜይ 2025 መጣ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ሱዛንን አመጣት። ካሮል አን ፎርድ፣ በ84 ዓመቷ፣ ያኔ ንኩቲ ጋትዋ ለሚጫወተው ዶክተር እንደ ራእይ ብልጭ ብላ ታየችው። እኔ ሶፋው ላይ ተነስቼ ቆሜአለሁ። እሺ፣ አሁን ሊነጋገሩ ነው አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲዝኑ አለቀ። አልተነጋገሩም። ዓለምን የማዳኑ ነገር መሃል ገባና ነገሯ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደገና ፊቷን አይተን አጨበጨብን።

ቁርጭምጭሚቷ አለመዞሩ አንድ እድገት ነው። (ሳቅ)

መስማት ለምትፈልጉ፣ በ"አን ኧርዝሊ ቻይልድ" ጀምሩ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለብቻው ይሰማል፣ ከፊት ምንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ከእሱ በፊት ግን የ1964ቱን ስንብት ብቻ ፈልጋችሁ እዩት፣ ጫማውን ልብ በሉልኝ። እንግሊዝኛው ትንሽ ይፈጥናል፤ መጀመሪያ ላይ ግማሹ ቢያመልጣችሁ አትደንግጡ፣ እኔንም ያመልጠኝ ነበር። የ1983ቱን የምትወዱ ደግሞ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እንከራከራለን። በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሁኑልኝ።